ኢንተርኩለርን ጥቁር መቀባት፦ ለድሬ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት በሚስማማ መንገድ

ፒካፔ ላይ የገጠምኩት ኢንተርኩለር፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ፣ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ እንደ አዲስ ብረት ድስት ያብረቀርቅ ነበር። ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ባቆምኩ ቁጥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል። "አቦ! ይሄ ምንድን ነው? ሞተር ቀየርክ እንዴ?" ይለኛል። እኔ የገጠምኩት መኪናዋ ዳገት ላይ ደህና እንድትተነፍስ ብዬ ነው። እንድትታይ አልፈለግኩም። ስለዚህ ጥቁር ቀባሁት። አሁን በፍርግርጉ ሲያዩ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ትመስላለች።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም አብረን ቀብተናል። ሥራው ከባድ አይደለም። ግን በችኮላ ከተሠራ ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጥራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሰው የሚያየው የኢንተርኩለሩን ግንባር ነው፣ ሞተሩ የሚኖረው በሆዱ ነው። ቀለሙ ግንባሩ ላይ ይቅር። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ዕቃው ምን እንደሚሠራ

ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ይልካል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ የፓምፑ ጫፍ ይፋጃል። በ30 ዲግሪ የገባ አየር ቱርቦው በ1 ባር ገደማ ሲገፋው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጋለ አየር ደግሞ የሳሳ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጉልበትም አብሮ ያንሳል። ኢንተርኩለሩ ይህን አየር በአሉሚኒየም ቱቦዎች ውስጥ ያሳልፍና ከፊት በሚመጣው ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። በቱቦዎቹ መካከል እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉት ስስ ክንፎች ሙቀቱን ለነፋሱ ያስረክባሉ።

የእኛ አገር መንገድ ለዚህ ዕቃ ከባድ ፈተና ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሐረር ወይም ወደ ሐረማያ ለመሄድ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ መውጣት አለ። ሙቀቱ ያለው ከታች ነው። ዳገቱም ከዚያው ይጀምራል። መኪናው ጭኖ ሲወጣ ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ የፊት ነፋሱ ትንሽ ነው። ከላይ ስትደርሱ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። እዚህ መንገድ ላይ የኢንተርኩለር ክንፍ የደፈነ ሰው ስህተቱን በመኪናው ጉልበት ያየዋል።

ቀለም ሙቀት አያፍንም ወይ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ቀለም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር ብዙ መቶ ጊዜ ይደክማል። ግን ውፍረቱን አስቡ። በስሱ የተነፋ ቀለም ሲደርቅ ከ20 እስከ 25 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለ ወረቀት ሩብ ውፍረት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚቸገረው በአሉሚኒየሙ ውስጥ ሲያልፍ አይደለም፤ ከክንፉ ወደ ነፋሱ ሲሻገር ነው። ስሱ ቀለም በዚያ ችግር ላይ የሚጨምረው 1 በመቶ አካባቢ ነው። መሪ ጨብጣችሁ የምታስተውሉት ለውጥ አይደለም።

"ጥቁር ሙቀት ይስባል" የሚለውም ይነሳል። ፀሐይ ላይ ላለ ጣሪያ እውነት ነው። ኢንተርኩለሩ ግን ከፓራውልት (ከፊት መከላከያው) ጀርባ ነው፤ ፀሐይ ብዙም አያገኘውም። እንዲያውም ጥቁር ገጽ ሙቀት በጨረር በማውጣት ከሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም እጅግ ይበልጣል። ይሄንን ይዘው "ጥቁር ከቀባችሁት የበለጠ ይቀዘቅዛል" የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ነፋስ ነው፤ የጨረሩ ድርሻ ትንሽ ነው። የምንቀባው ለመልክ ነው፣ ይኸው ነው።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱ ጎን 0.1 ሚሊ፣ ሌላው ጎን 0.1 ሚሊ ቀለም ከያዘ፣ ከነፋሱ መንገድ አንድ አሥረኛው ተወሰደ ማለት ነው። ወፍራም ቀለም ሲንጠባጠብ ደግሞ ክፍተቱን ጨርሶ እንደ መጋረጃ ይዘጋዋል። አንድ ጋራዥ ውስጥ በብሩሽ የተቀባ ኢንተርኩለር በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ "መኪናዬ ደከመች" እያለ ፊልትሮ ይቀይር፣ ናፍጣ ፊልትሮ ይቀይር ነበር። የእጅ ባትሪ ይዘን ከኋላ ስናበራበት ግማሹ ክንፍ ብርሃን አያሳልፍም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ በከንቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል።

የቀለም ምርጫ

የሚያስፈልገው የጣሳ ስፕሬይ ነው፤ ጥቁር፣ የማያብለጨልጭ፣ ማት የሚባለው። ለራዲያተር ተብሎ የተሠራ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ካልተገኘ ለሞተር ብሎክ የሚሆን፣ 150 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚችል ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ሙቀት እንዲችል" ብሎ ለማርሚታ (ለጭስ ማውጫው) የሚሆነውን፣ 600 ዲግሪ ይችላል የተባለውን ይገዛል። ያ ቀለም በትክክል የሚጠነክረው በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር ነው፤ ብዙዎቹ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ማርሚታው ራሱ ይጋግረዋል። ኢንተርኩለር ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ በጥፍር ይፋቃል፣ ጠጠር ሲመታው ይረግፋል። ዋጋው የበዛ ሁሉ አይሻልም። የጣሳውን ጀርባ አንብቡ።

የዘይት ቀለም በብሩሽ፣ በፍጹም። ዱቄት ተረጭቶ በምድጃ የሚጋገረው ቀለምም ለፍሬም ሸጋ ነው፤ ለኢንተርኩለር ሆድ ግን ይወፍራል። ጎኑ ፕላስቲክ የሆነ ኢንተርኩለር ደግሞ ወደዚያ ምድጃ ከገባ ፕላስቲኩም የጎማ ማሸጊያውም ይበላሻል። ለብረት የምንቀባው ተራ አንቲረስትም ለአሉሚኒየም አይሆንም። አሉሚኒየም ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስላለ ተራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው) ቶሎ ይላጣል። ለአሉሚኒየም የሚሆነው ገጹን በትንሹ ነክሶ የሚይዘው ፕራይመር ነው። የመኪና ቀለም ቀቢዎች ያውቁታል፤ "ለአሉሚኒየም የሚሆን" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጋዜጣ፣ ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮል፣ ትንሽ ቲነር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ መነጽርና ለቀለም ትነት የተሠራ የአፍ መሸፈኛ። ተራው የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አይከለክልም።

መፍታት

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ከማታ ያቆማችሁትን ጠዋት ብትጀምሩ ጥሩ ነው። የመኪናውን ባትሪ ነጌቲቭ ንቀሉ።

የኢንተርኩለሩ ቦታ እንደ መኪናው ይለያያል። አንዳንድ ሃይሉክስ ላይ ከኮፈኑ ስር፣ ከሞተሩ አናት ላይ ተኝቷል። እሱን ማንም አያየውም፤ ብትተዉት እመርጣለሁ። ፊት ለፊት የተገጠመ ከሆነ ፓራውልቱ መውረድ አለበት፤ አንዳንዴ ፍርግርጉም። የምትፈቱትን እያንዳንዱን ነገር በስልክ ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን በየቦታቸው ለይታችሁ በየጣሳው አስቀምጡ።

የኤሲ ኮንዴንሰር (የኤሲው ጋዝ የሚቀዘቅዝበት ዕቃ) አጠገቡ ወይም ከፊቱ ሊኖር ይችላል። የኤሲውን ቱቦ እንዳትፈቱ! ጋዙ በግፊት ነው ያለው፤ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። ድሬ ላይ ኤሲ አጥቶ መንዳትም አይመከርም። ኮንዴንሰሩን ከነቱቦው ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጎን ያዙት።

ቱቦዎቹን የሚያጠብቁትን ፋሼታዎች አላሉና ቱቦውን እያዞራችሁ አውጡ። በካቻቢቴ አትፈልቅቁ፤ ጫፉ ይቀደዳል። ወዲያው ወደ ሞተር የሚሄዱትን ክፍት አፎች በጨርቅ ድፈኑ። ጨርቁ ደማቅ ቀለም ያለው ይሁን፣ ስንት እንደሆነም ቁጠሩ። እኔ ቀይ ጨርቅ ነው የምጠቀመው። በቱቦ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ሞተር ያበላሻል።

ማጠብ፣ ውስጡንም ውጩንም

ከዚህ ሥራ ውስጥ ረጅሙ ይሄ ነው። መሆንም አለበት።

መጀመሪያ ተመልከቱት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቅባት የያዘ፣ አቧራ የጠጣ ጥቁር ምልክት ካለ እዚያ ጋ አየር ሊያፈስ ይችላል። የሚያፈስ ዕቃ ቀብቶ መመለስ ድካም ነው። ለመፈተሽ ሁለቱን አፎች በደንብ ድፈኑና ከ1 ባር ያልበለጠ አየር አስገቡ። ሳሙና አረፋ ቀቡበት። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ክዳኑ ሊፈነጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አትቁሙ።

ውስጡ ትንሽ ዘይት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ከሞተሩ ትንፋሽ የሚመጣ ነው። ብዙ ከሆነ ግን፣ ማለትም ስታዘነብሉት የሚፈስ ከሆነ፣ ቱርቦው ወይም የሞተሩ የትንፋሽ መስመር ይታይ። ዘይቱን አፍስሳችሁ በፈሳሽ ሳሙናና በሞቀ ውሃ እያንቀጠቀጣችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ውስጡ ጨምሮ የማጠብ ልማድ አለ። እኔ ይቅርባችሁ እላለሁ። ናፍጣ ሞተር በመግቢያው የሚነድ ነገር ከሳበ እሱኑ እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም፤ እየጮኸ፣ ፍጥነቱን እየጨመረ ራሱን ሊሰብር ይችላል። በቱቦዎቹ ውስጥ የተደበቀ ፈሳሽ ቶሎ እንደማይደርቅ አትርሱ።

ውጩን ለማጠብ ከኋላ ወደ ፊት ውሃ ልቀቁ። ቆሻሻው የገባው ከፊት ስለሆነ በመጣበት ይመለስ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ፣ የተጣበቀ ነፍሳትን፣ የጨርቅ ቅዳጅን ታወጣላችሁ። የመኪና ማጠቢያውን ኃይለኛ ውሃ ግን አርቁ፤ ክንፎቹ እንደ ሣር ይተኛሉ። የሽቦ ብሩሽም እንደዚያው።

ካስቲክ ሶዳ ያለበትን ማጽጃ አትንኩ። ቅባት ያወልቃል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል፤ ክንፉ ደግሞ ከመጀመሪያው ስስ ነው። በረኪናም ይቅር።

የእኛ ከተማ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩ። ኢንተርኩለሩ ላይ ሲደርቅ ያንኑ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ቀለም ደግሞ በነጩ ላይ አይዝም። መጨረሻ ላይ በአንድ ሁለት ሊትር የባትሪ ውሃ አለቅልቁት። የተጣራው ውሃ ነው እንጂ አሲዱ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሸምገል ያሉ የራዲያተር ጠጋኝ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልኩትም።

ከዚያ ይድረቅ። ድሬ ላይ ፀሐይ ችግር የለም። በየጎኑ እያዞራችሁ አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት።

ክንፎቹን ማቃናት

የተኛ ክንፍ ካለ በወረንጦ ጫፍ አንድ በአንድ ቀና አድርጉት። አትሳቡት፤ ገፋ አድርጉት ብቻ። ሻይ ይዞ ጥላ ስር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ቀለሙ ከሚወስደው ትንሽ ነገር ይልቅ እዚህ የምታቃኑት ክንፍ የሚመልሰው ነፋስ ይበልጣል። ስለዚህ በደንብ ከሠራችሁት ኢንተርኩለሩ ከበፊቱ ተሽሎ ሊመለስ ይችላል።

ማሻከርና መሸፈን

ሁለቱን የጎን ሳጥኖች (የአሉሚኒየም ቱቦዎቹ ጫፍ ግራና ቀኝ የሚገባባቸውን) በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሻክሩ። ዓላማው ማብረቅረቁን መግደል ነው እንጂ መፋቅ አይደለም። ክንፎቹን አትሹ። አቧራውን አራግፉና አሉሚኒየሙን ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ሳጥኑ ፕላስቲክ ከሆነ ቲነር አይንካው፤ በአልኮል ብቻ ጥረጉ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ወዝ የነካው ቦታ ቀለም አይዝም።

የቱቦ መግቢያና መውጫ አፎችን በወረቀት ፕላስተር ዝጉ። ቱቦው የሚለበስበትን አንገትም ሸፍኑ። እዚያ ላይ ቀለም ካለ ቱቦው ይንሸራተታል፤ የተላጠው ቀለምም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሙቀት ወይም የግፊት ሴንሰር የሚገባበት ቀዳዳ ካለ እሱም ይሸፈን። የኋላውን ገጽ በሙሉ ተዉት። ማንም አያየውም።

መንፋት

ሰዓቱን እንነጋገር። ድሬ ላይ ከሰዓት ቀለም አይነፋም። ሙቀቱ ቀለሙን ገና በአየር ላይ እያለ ያደርቀዋል፤ ደርሶ የሚያርፈው እንደ ዱቄት ነው። ስትነኩት ይሻክራል፣ ይራገፋል። ነፋሱም አቧራ ያመጣል። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ከ3 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ። ጣሳውን ማታ ቤት ውስጥ አሳድሩት። ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ዝግ መኪና ውስጥ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ እዚያ መድረስ ቀላል ነው።

ቦታው ጥላ፣ ነፋስ የማይበዛበት፣ ግን ክፍት ይሁን። መሬቱን ቀድማችሁ ውሃ እርጩት፤ አቧራው ይተኛል። የቡና ከሰል አጠገብ አይሁን። ሲጋራም የለም። ትነቱ ይቀጣጠላል።

ኢንተርኩለሩን በሽቦ አንጠልጥሉት። ቢቻል ከኋላው ትንሽ ቬንትሌተር በዝቅተኛ ፍጥነት አስቀምጡ። ቀስ ያለው ነፋስ ከኋላ ወደ ፊት ሲመጣ ቀለሙ ወደ ሆድ እንዳይጠልቅ ይከላከላል። ነፋሱ ከበዛ ግን ቀለሙን ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል፤ በቁራጭ ካርቶን ላይ ሞክሩት።

ጣሳውን ቢያንስ 2 ደቂቃ አንቀጥቅጡ። መጀመሪያ ፕራይመሩን ሳጥኖቹ ላይ ብቻ፣ አንድ ስስ ዙር። ክንፎቹ ላይ ፕራይመር አልነፋም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሽፋን ውፍረት ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ውፍረት አንፈልግም። አንዳንድ ቀለም ቀቢዎች "ያለ ፕራይመር ይላጣል" ይሉኛል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ትንሽ ቢላጥ እንደገና ቀለል አድርጌ እነፋለሁ፤ የታፈነ ክንፍ ግን በቀላሉ አይመለስም።

አሁን ጥቁሩ። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቁ። ወደ ክንፎቹ ፊት ለፊት አትንፉ፤ ቀጥታ ይጠልቃል። ከግራ በኩል ወደ 45 ዲግሪ ዘመም ብላችሁ አንድ ፈጣን ዙር። ቀጥሎ ከቀኝ። እንደዚህ ሲሆን ቀለሙ የክንፉን ጫፍና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሚሊሜትሮች ብቻ ይይዛል። ጭስ እንዳለፈበት ያህል ይሁን። እጃችሁ ኢንተርኩለሩ ላይ ሳይደርስ መንፋት ይጀምር፣ ካለፈም በኋላ ያቁም። መሃል ላይ እጅ ከቆመ ቀለም ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አስቀያሚ ይሆናል። ግራጫ፣ ዝንጉርጉር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ይጨምርበታል። አትጨምሩ! ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ከላይ ዘመም ብላችሁ አንድ፣ ከታች ዘመም ብላችሁ አንድ። ለክንፎቹ በቃ። ሳጥኖቹ ግን ሦስት ስስ ዙር ይችላሉ፤ እነሱ ነፋስ አያሳልፉም።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ባትሪውን ከኋላ አብሩና ከፊት እዩ። ብርሃኑ በየክፍተቱ እኩል መምጣት አለበት። የጨለመ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ቀለም ተጋርዷል። ገና እርጥብ እያለ ከኋላ በቀጭን የአየር ግፊት እፍ በሉት፤ ይከፈታል። ከደረቀ በኋላ ግን መከራ ነው።

ከሁለት እርምጃ ርቃችሁ፣ በፍርግርጉ በኩል እንደሚታይ አስባችሁ እዩት። በቅርብ ሲታይ ከክንፉ ጥልቀት ትንሽ ብር ብር የሚል ነገር ይኖራል። ልክ ነው፤ መኖር አለበት። ፍርግርጉ ሲመለስ አይታይም።

ማድረቅ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሰዓታት ጥላ ውስጥ ይቆይ። ወዲያው ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ላዩ ይደርቅና ከስር የቀረው ቲነር ሲወጣ ፊኛ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ ማውጣት ይቻላል። ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዉት። ሌላ ቦታ ሰዎች ምድጃ ይፈልጋሉ፤ የእኛ ምድጃ ከላይ አለ። ጥፍራችሁን የማይታይ ጥግ ላይ ጫን አድርጉት። ምልክት ካልያዘ ደርሷል።

መመለስ

ፕላስተሩን ንቀሉ። ቀዩን ጨርቅ ቆጥራችሁ አውጡ። የቱቦዎቹን ውስጥና የአንገቶቹን ውጭ በአልኮል ጥረጉ፤ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ቱቦው በቀላሉ እንዲገባ ተብሎ ግራሶ ወይም ዘይት መቀባት የለም። ቱርቦው ሲገፋ ተንሸራቶ ይወልቃል፣ የሚወልቀው ደግሞ መቼም ደንገጎ ወገብ ላይ ነው። ፋሼታውን ከአንገቱ ጉብታ ጀርባ አድርጋችሁ አጥብቁ። የረገፈ ወይም የለዘበ ፋሼታ ካለ ቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ሞተሩን አስነሱ። ፓራውልቱን ገና አትመልሱ። ሰው ነዳጅ እየረገጠ እናንተ በየመጋጠሚያው አዳምጡ። የሚያፏጭ ድምፅ ካለ እዚያ ጋ ያፈሳል። ከሌለ ሁሉንም መልሱ፣ በከተማው ውስጥ ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር ንዱ፣ ፋሼታዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ደንገጎ ላይ መፈተሽ

ስሜት ያታልላል፤ ስለዚህ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከመኪናው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ አለ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ያሳያል። ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ቀን ደንገጎን ውጡና መዝግቡ። ከቀባችሁ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ ድገሙት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንድ መኪና ላይ ሴንሰሩ ከኢንተርኩለሩ በፊት፣ ከአየር ፊልትሮው አጠገብ ነው። ያ ከሆነ ስለ ኢንተርኩለሩ ምንም አይነግራችሁም። ቦታውን ቀድማችሁ እወቁ።

አንድ ሁለት ዲግሪ ልዩነት ከአየሩ ጠባይም ይመጣል። አሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ከጨመረ ግን የሆነ ቦታ ታፍኗል ወይም ቱቦ ያፈሳል። መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። ቱቦው ደህና ከሆነ ኢንተርኩለሩን አውርዱና የባትሪ ብርሃኑን ፈተና ድገሙ። የተዘጋ ክንፍ ካገኛችሁ፣ ዕቃው ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ውጩን በቲነር አርሳችሁ በለስላሳ ብሩሽ አውርዱት። አፎቹ ግን የተደፈኑ ይሁኑ። ከዚያ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

ጠጠር የመታው ቦታ በጊዜ ብዛት ነጭ ነጥብ ያወጣል። ከታች በኩል በተለይ። በየስድስት ወሩ ፍርግርጉን ሳወርድ በውሃ አጥበዋለሁ፤ ነጥቦቹን በትንሽ ጥጥ ጫፍ ጥቁር ነካ ነካ አደርጋቸዋለሁ። ለዚህ ጣሳው ውስጥ የተረፈችው ቀለም ትበቃለች። ክዳኑ ላይ ትንሽ ነፍታችሁ ከዚያ በጥጥ ታነሳላችሁ።